የሮቶው ማስታወሻ፦ ሚያዝያ–ሰኔ 2017

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ዛሬ ተከፈተ። ልጄን ላደርስ ሄጄ ሰልፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ሲስተር ርዕሰ መምህርቷ ማይኩን ተቀብለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ትናንት ማረፋቸውን ነገሩን። አንድ ደቂቃ በጸጥታ ቆምን። በመሀል ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል ባዶ ቧንቧ ማፏጨት ጀመረ። ውሃ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ። ዘበኛው ጋሼ ደቂቃዋ እስክታልቅ አልጠበቁም፤ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ጀሪካን ሊደረድሩ ሄዱ። ማን ይፈርድባቸዋል? ፈረቃችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ያመለጠ አመለጠ።

ከሰልፉ በኋላ የወላጆች ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔ ኮሚቴ የገባሁት የብየዳ ማሽን ስላለኝ እንጂ ንግግር ስለማውቅ አይደለም። አጀንዳው ሰኔ 21 የሚውለው የወላጆች ቀን ነበር። አምና ምሳ ሲቀርብ ለእጅ መታጠቢያ የተዘጋጁት ጀሪካኖች የ2ኛ ክፍል ልጆች ጋ ሲደርሱ ባዶ ሆኑ፤ የቀሩት በየቀሚሳቸውና በየሱሪያቸው ጠርገው በሉ። ዘንድሮ ይህ አይደገምም ተባለ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚማሩበት ብሎክ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ገጥመን፣ ሮቶ አቁመን፣ የዝናብ ውሃ እንድናጠራቅም ሐሳብ አቀረብኩ።

አንዷ እናት ወዲያው ያዘችኝ፦ «ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል። ለማን ነው የምታጠራቅሙት?» ጥያቄው የእውነት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣሪያው ወንዝ ሲሆን ግቢው ውስጥ ያሉት ሲስተሮቹና ጋሼ ብቻ ናቸው። የመለስኩት እንዲህ ነው፦ የሰኔው ዝናብ ለወላጆች ቀን ይደርሳል፤ ጳጉሜን ላይ ሞልቶ የሚያድረው ደግሞ መስከረምን ይዞ ይገባል፤ በልግ ከጣለ የካቲትና መጋቢትም አለ። «ካልጣለስ?» አለች። ካልጣለማ ጀሪካን።

ተወሰነ። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ሲስተር «ሌላ ትምህርት ቤት ቢጠይቀን የምንሰጠው ነገር ይኑር፤ ጻፈው» ስላሉኝ ነው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ልኬት። ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች መጡ። የብሎኩ ርዝመት 24 ሜትር ነው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን በተዳፋቱ ለካሁና «5 ከ30» ብዬ ጮህኩ። የ6ኛ ክፍሏ ልጅ ደብተሯ ላይ ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ «ዝናቡ ግን ከላይ አይደለም እንዴ የሚመጣው? በመሬቱ ነው መለካት ያለብን» አለች። ልክ ናት። ጣሪያ ዘመም ስላለ ተጨማሪ ዝናብ አይቀበልም። መሬት ላይ ስንለካው 5 ሜትር ሆነ። መሰላሉን ይዞ የነበረው የሒሳብ መምህር እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣሪያ 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,200 ሊትር ይሆናል። ሩብ ያህሉ በመፍሰስና በመፈናጠቅ ይጠፋል ብለን ብንቀንስ እንኳ 900 ይቀራል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በስድስት ደህና ዝናብ ይሞላል ማለት ነው።

5 ሰዓት ሲሆን ሲስተር ሁላችንንም ወደ ሳሎናቸው ጠሩን፤ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቀብር በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ልጆቹ አቧራ በአቧራ ሆነው ወለሉ ላይ ተደረደሩ። ከእነሱ ውስጥ ካቶሊኮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ። ሻይ በዳቦ እየበሉ ሁሉም ዝም ብለው አዩ። አንዱ ብቻ «ሣጥኑ እንጨት ብቻ ነው?» አለ። ከውጭ የሚታየው እንጨት ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

የአርበኞች ቀን ነው፤ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ቁፋሮ።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ አቃቂ ያለውን መሬት የሚያውቅ ሰው መረሬ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፣ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል። ሮቶው የሚቆምበት ቦታ ላይ ያለ አንድ ስንጥቅ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ አስገባሁ። ጋሼ አይተው «አውጣ ልጄ፣ ከሥር ያለውን አታውቀውም» አሉኝ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው፤ ይህን ሸክም እንዲህ በሚያብጥና በሚጨማደድ አፈር ላይ ማስቀመጥ ሮቶውን እያዘመሙ ከርሞ መጣል ነው።

ስለዚህ 2 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ40፣ በ80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረን መረሬውን አወጣን፤ ወደ 5 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ሰባት አባቶችና ሁለት እናቶች ነበርን። ከእናቶቹ አንዷ በዶማ ከሁላችንም በለጠች፤ ጎጃም ገጠር ያደገች ናት፤ እኛ ሦስት ስንመታ እሷ አምስት ትመታለች፣ ያውም እያወራች። በጉድጓዱ ገረጋንቲ ሞላንበት፤ 20 ሳንቲ ሜትር በተነጠፈ ቁጥር ውሃ አርከፍክፈን፣ ጣሳ ውስጥ በሞላነው ሲሚንቶ ላይ ቧንቧ ተክለን በሠራነው መደቅደቂያ እየደቀደቅን። አንድ ላይ ሞልቶ ከላይ ብቻ መደቅደቅ ራስን መሸወድ ነው፤ ሥሩ ልቅ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰው ደክሞ «ይበቃል» ሲል የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ያስጨረሰን ቡናው ነው። እናቶቹ ጀበናውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አምጥተው «ሳትጨርሱ አይቀዳም» አሉ።

ቡና ላይ የተነሳው ጨዋታ የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ብዙው የሚሳበው ከእኛው ከአቃቂ ከርሰ ምድር ነው። ከሥራችን ይሄዳል፤ እኛ ላዩ ላይ ተቀምጠን ፈረቃ እንጠብቃለን።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

የተሠራ ሥራ የለም። ትናንት ማታ 1 ሰዓት ሲያልፍ ከሮም ነጭ ጭስ ወጣ፤ አዲሱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ተባሉ። ዛሬ ሰልፍ ላይ ሲስተር ከመረጡት 133 ካርዲናሎች አንዱ የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ መሆናቸውን ሲናገሩ ልጆቹ እንደ ኳስ ጎል አጨበጨቡ። የልደታ ንፍሮ ደግሞ ከየቤቱ በየፌስታሉ መጥቷል። ውጭ ሣር ላይ ተበላ። ልጄ ስንዴውን እየለቀመች ሽምብራውን ለእኔ አስቀምጣልኛለች።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

መሠረቱ ባለፈው ሳምንት ተገነባ፤ ድንጋይ፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ። ግንበኛው የአንድ ተማሪ አጎት ነው፤ የእጁን ዋጋ አልተቀበለም፤ የሲሚንቶ ሒሳብ ላይ ግን አንዲት ማንኪያ አላባከነም፣ ሌላውንም አላስባከነ።

ግንብ በደንብ እንዲይዝ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት ውሃ ለመያዝ የሠራው ግንብ ውሃ ፈለገ! መፍትሔውን ያመጣችው የኬጂ መምህርቷ ናት፦ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በሃይላንድ ውሃ ይዞ ይምጣ። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ እያንዳንዱ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቅፎ ነው የሚገባው። ተራ ይዘው እየዘመሩ አፈሰሱበት። አንዱ ግማሹን በመንገድ ጠጥቶት ስለመጣ ተሳቆ ከሰልፉ ኋላ ቆመ፤ ጋሼ ከጀሪካናቸው ሞሉለት። ሰባቱን ቀን እንዲህ አለፍን። ስንጥቅ የለውም፤ ዛሬ በጣቴ ዳር ዳሩን ሄድኩበት።

ካቶሊኮች ግንቦትን የማርያም ወር ይሉታል። በምሳ ዕረፍት የግራር ዛፉ ሥር መቁጠሪያ ይደገማል፤ ግዴታ አይደለም። ጥላው ግን ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ልጅ እዚያው ነው።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ሮቶው በአይሱዙ መጣ። ያገለገለ ነው፤ አንድ ወላጅ ሕንፃ ከሚሠሩበት ቦታ የሰጡን። ስናወርደው የመውጫው ጥርስ ተሰንጥቆ አገኘነው። መጀመሪያ በማጣበቂያ ልደፍነው ሞከርኩ፤ የማይረባ ሥራ ነው፤ ፕላስቲክ በፀሐይ ይሳሳባል፣ ማጣበቂያው ደግሞ አይከተለውም። በመጨረሻ የተሰነጠቀውን በውስጥም በውጭም ጎማ አድርጌ በብሎን ዘጋሁት፤ ከጎኑ አዲስ ቀዳዳ በስቼ አዲስ መውጫ አሰርኩ። እዚህ ላይ ሦስት ሰዓት ጠፋ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አሸንዳ። ዛሬ የሆነው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው።

አሸንዳ ተዳፋት ይፈልጋል፤ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። 24 ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። እኔ ከቆርቆሮው አፍ ሥር ያለውን ጣውላ አምኜ ከሱ ላይ ወደ ታች እየለካሁ 25ቱንም መያዣ ቸነከርኩ። ዳር ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስን፤ ውሃው 3ኛ «ሀ» ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆሞም አልቀረ፣ ተመለሰ። ጣውላው ራሱ መሀሉ ላይ ጎብጧል፤ የመረሬው ሥራ ነው፤ ሕንፃውንም ቢሆን አልማረውም።

የጣውላን ቃል ከማመን ውሃን ራሱን መጠየቅ ነበረብኝ። ውሃ የሞላ ረጅም የላስቲክ ቱቦ አምጥተን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን የሒሳብ መምህሩ ይዘን ከዳር እስከ ዳር ልኩን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ከዚያ 14 መያዣ ነቅዬ እንደገና መታሁ። ማታ ባልዲው ሲደፋ ውሃው ሳይቆም ሄደ። አውራ ጣቴ ጠቁሯል።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ትናንት አረፋ ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛችን ስላልነበረ ሥራው አንድ ቀን ቆሟል። ዛሬ ከነልጁ መጣ፤ ልጁ 2ኛ ክፍል ነው፤ አዲሱን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መፍቻ ያቀብላል። «ሥጋውን አትበሉልኝም ብዬ ነው» ብሎ አንድ ሙሉ ካርቶን ቴምር አስቀመጠ። ጋሼ ፍሬውን ከበሉ በኋላ ዘሩን ኪሳቸው ከተቱ፤ ሊተክሉት ነው። በዚህ ብርድ ይበቅላል ብዬ አላስብም፤ አልነገርኳቸውም።

ዋናው ሥራ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚጥለው በርሜል ነበር። ከበጋ በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ጣሪያውን ነው የሚያጥበው፤ የእርግብ ኩስ፣ የመንገድ አቧራ፣ ቅጠል። ያ ወደ ሮቶው መግባት የለበትም። ስለዚህ ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ መጀመሪያ 60 ሊትር በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ይህ ማለት ከጣሪያው ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በርሜሉ አንገት ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ኳስ አለች። በርሜሉ ሲሞላ ኳሷ ተንሳፋ አንገቱን ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ወደ ሮቶው ይታጠፋል። ከሥር በምስማር የተበሳች ቀዳዳ በርሜሉን ቀስ እያለች ታጎድልና ለቀጣዩ ዝናብ ታዘጋጀዋለች። ኳሷን ያገኘነው ከኬጂ መጫወቻ ሣጥን ነው፤ ቢጫ ናት። መምህርቷ ስትሰጠን በደብተር አስፈርማናለች።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዘነበ!

ከምሳ በኋላ ከየረር በኩል ጠቆረና 8 ሰዓት ላይ ወረደ። ወርክሾፑን ለጎረቤት ትቼ በባጃጅ ደረስኩ፤ ስደርስ የ3 ክፍሎች ልጆች መስኮት ላይ ተለጥፈዋል፤ መምህራኑም ተስፋ ቆርጠው አብረው ቆመዋል። በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ውሃ የቡና አተላ ይመስላል። ሞላ። ቢጫዋ ኳስ ወጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርቅም አለች። ለአንድ አፍታ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ባዶው ሮቶ ውስጥ ውሃ ሲወርድ እንደ ከበሮ አስተጋባ። የክፍሎቹን ጩኸት ዝናቡ እንኳ አልሸፈነውም።

የቧንቧው ክርን፣ መታጠፊያው ላይ፣ ያፈሳል፤ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ቴፍሎን አንሷል፤ ነገ።

የክበቡ ልጆች ጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ጣሳ ሜዳው ላይ አስቀምጠው ስለነበር በማስመሪያ ለኩት፦ 11 ሚሊ ሜትር። በስሌት 1,320 ሊትር። ሮቶው ውስጥ ዱላ ከትተን ስንለካ 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህ ወደ 1,000 ሊትር ነው። በርሜሉ 60 ወስዷል፤ የቀረው በክርኑ ፈሷል፣ አሸንዳውንም ዘሎ ተፈናጥቋል። ሩብ ይጠፋል ብለን ገምተን የነበረው ከሞላ ጎደል እሱው መጣ። ያቺ የ6ኛ ክፍል ልጅ አሁንም ደብተሯን ይዛ ቆማለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

የእጅ መታጠቢያው ተገጠመ፤ ከሮቶው 15 ሜትር ወደ ታች ራቅ ብሎ፣ ስድስት ቧንቧ በአንድ መስመር፣ እኔ የበየድኩት። አምሮኝ ነበር። ቅዳሜ ለመዝሙር ልምምድ የመጡ የኬጂ ልጆች ስለነበሩ መምህርቷ ስምንቱን አሰልፋ አመጣቻቸው።

የመጀመሪያዋ ልጅ በጫማዋ ጫፍ ቆመች፤ ቧንቧውን ነካችው፤ መክፈት አልቻለችም። እኔ ከፈትኩላት። እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ውሃው በመዳፏ አልቆየም፤ በአንጓዋ፣ በክንዷ፣ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ብብቷ ድረስ ወረደ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጮኸች። ሁለተኛው ይህን አይቶ አልታጠብም አለ።

ቧንቧዎቹን ያስቀመጥኩት 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ለእኔ ወገብ የሚመች ከፍታ። መምህርቷ አልተቆጣችም። ስምንቱንም ግድግዳ አስደግፋ ትከሻቸው ላይ በጠመኔ አሰመረች፤ ብዙዎቹ 80 እንኳ አይሞሉም። ከትከሻ በላይ ካለ ቧንቧ እጅ የሚታጠብ ሰው የለም፤ ልብስ ነው የሚታጠበው። ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ዓመት ለትልቅ ሰው በርና መስኮት ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ከዚያ በታች ለክቼ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ቆርጬ እንደገና በየድኩት። አሁን ሁለት ቧንቧ 50፣ ሁለት 65፣ ሁለት 80 ላይ ናቸው። ዝቅ ማለቱ ሌላም ጠቀሜታ አመጣ፦ ሮቶው ሲጎድል ግፊቱ ይደክማል፤ ቧንቧው ዝቅ ባለ ቁጥር ግን እስከ መጨረሻው ይፈስሳል። የትንንሾቹ ቧንቧ መጨረሻ የሚደርቀው ነው ማለት ነው። የፈሰሰው ውሃ በቦይ ወደ ጎመኑና ወደ ቆስጣው መደብ ይሄዳል። የክበቡ ልጆች «ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ አይደለም» ብለው በቀይ ቀለም ጽፈዋል፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ብርጭቆ ሥለው ሰርዘውበታል።

የሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ነገር አለበት። ነገ በቁምስናው ዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ይቀበላሉ፤ አባ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኑዛዜ ሲያሰሙ ነበር። ድንኳኑን ከነወንበሩ ዕድሩ ይሰጣል። ጋሼ ወንበሮቹን ሲረከቡም ሲያስረክቡም እንደሚቆጥሩ ከወዲሁ አስታውቀዋል።

ምግቡ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ዶሮ ይሠራ ያሉ ነበሩ። ግን ሰኔ 2 ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፤ ከወላጆቹ ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ ሙስሊሞቹም በሌላ ሰው እጅ የታረደውን አይበሉም። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። ዶሮ ሲባል ሦስት ማዕድ ያስፈልግ ነበር፤ ሽሮ ሲባል አንድ በቃ። በዚህ አገር ሰው ለመጋበዝ ከጾም ምግብ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ፣ ማታ

በመጨረሻው ሳምንት ሦስት ጊዜ ዘንቦ ሮቶው ከአንገቱ ትንሽ ጎደል ብሎ አድሯል። ጠዋት ጋሼ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ከላይ ወደ ታች ሄዱና ድምፁ ሲደፈን «እዚህ ነው» ብለው በጠመኔ አሰመሩ።

ፕሮግራሙ እንደ ሁልጊዜው አርፍዶ ተጀመረ። የክብር እንግዶች ንግግር ረዘመ። የኬጂ መዝሙር ላይ አንዱ ከበሮ መቺ ዱላው ወልቆበት በእጁ መታ፤ ከዱላው ይልቅ አማረ። ሽልማት፣ ፎቶ፣ የምታለቅስ አያት።

ምሳ ሲባል ሲስተር ቀድመው ተነስተው መስመሩ ራስ ላይ ቆሙ፦ «ከትንሽ ወደ ትልቅ!» ወላጆች ሳህን ይዘው ጠበቁ። የኬጂዎቹ እጅጌ ደረቅ ነበር፤ አንድ በአንድ አየሁ፤ ሌላ ሰው ምን እንደማይ አልገባውም። ያቺ ሚያዝያ ላይ የያዘችኝ እናት እጇን በ80ው ታጥባ እያራገፈች መጣች፤ «መስከረምን እናያለን» አለችኝ። እናያለን።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ጋሼ እንደገና አንኳኩ። የጠዋቱ መስመር ከአዲሱ በአንድ ክንድ ተኩል ይበልጣል። ከወንበሮቹ ሁለት ጎድለዋል፤ በባትሪ እየፈለጓቸው ነው። ከ65ቶቹ አንደኛው ቧንቧ ሲዘጋም ይንጠባጠባል፤ ጎማው ተበልቷል። ሥሩ ጣሳ አድርጌበታለሁ፤ ሰኞ እቀይረዋለሁ።